ሕፃኑ ምን ያውቃል? ስለ «ወዳዓን ጁሊያ» ፊልም

በየካቲት ወር 2013 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ፣ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ የካቲት 12 እናስተምር ነበር። እንደ ልማዳችን በቀን ጀምረን በቁጥር ቀጠልን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ መወርወራቸውን፣ ከዚያም በሦስት ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 መሆኑን በሰሌዳው ላይ ጻፍን። ልጆቹም ገለበጡ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ማታ ልጆቹ ምን በሉ?» ብሎ ጠየቀ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኛም መልስ ስላልነበረን «ተቀመጥ» አልነው፤ ደወል እስኪደወልም ድረስ ስድስት ኪሎ ላይ ስለቆመው የሰማዕታት ሐውልት ስናወራ ቆየን። ልጁ ግን አልቀለደም ነበር። አባቱ ዴም ሰፈር ካለ አንድ ምግብ ቤት፣ እናቱ ደግሞ በሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታናሽ እኅቱን ከጎረቤት ተቀብሎ የሚያበላት እርሱ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ የአንድ ቀን ትልቁ ጉዳይ ማታ የሚበላው ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልንም።

ጥያቄው እንደገና ትዝ ያለን ጦርነቱ ከካርቱም አስወጥቶን ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ፣ «ወዳዓን ጁሊያ» የተባለውን የሱዳን ፊልም በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከእጩ መምህራን ጋር ሆነን ባየን ጊዜ ነው። ርእሱ በአማርኛ «ደህና ሁኚ ጁሊያ» ማለት ነው። አረብኛውን ፊልሙን እያቆምን ስለተረጎምንላቸው የሁለት ሰዓቱ ፊልም ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀ። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ሂስ ፊልሙን በዚያ ልጅ ጥያቄ የሚመዝን ነው። ሚዛኑ ለፊልም አይስማማም የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየምም፤ እኛም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው አስበን ነበር።

የፊልሙ ደራሲና አዘጋጅ መሐመድ ኮርዶፋኒ ነው። ቀድሞ የአውሮፕላን መሐንዲስ የነበረ ሰው ሲሆን ይኸ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። ሞናን ሆና የምትጫወተው ኢማን ዩሱፍ፣ ጁሊያን ሆና የምትጫወተው ሲራን ሪያክ ናት። ፊልሙ በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ትርኢት ቀርቦ «የነፃነት ሽልማት» አግኝቷል። በዚያ ትርኢት ዋና ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የሱዳን ፊልም እርሱ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ከተነሣ ገና አንድ ወር መሆኑ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ስለ አንድ ያለፈ ጥፋት ሊያስታውስ ተሠርቶ ሳለ፣ ለተመልካች በቀረበበት ጊዜ የተቀረጸባት ከተማ ራሷ በሌላ ጥፋት ውስጥ ነበረች። በፊልሙ የምናያቸውን መንገዶችና ቤቶች የምናውቅ ሰዎች ታሪኩን ትተን ግድግዳውን ስናይ ብንገኝ ሊፈረድብን አይገባም።

ለተማሪዎቻችን ማስረዳት የነበረብንን ያህል ስለ ዘመኑ ጥቂት እንበል። በሰሜንና በደቡብ ሱዳን መካከል የነበረው የመጀመሪያው ጦርነት በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት ቆሞ ነበር። ስምምነቱ ፈርሶ ጦርነቱ በ1975 ዓ.ም. እንደገና ተነሣ፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጥይት፣ በረኀብና በበሽታ ካለቀ በኋላ በጥር ወር 1997 ዓ.ም. በኬንያ በተፈረመ ስምምነት አበቃ። የደቡቡ መሪ ጆን ጋራንግ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጀመሪያ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ካርቱም ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ሐምሌ 23 ቀን፣ ከዩጋንዳ ሲመለስ የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር ተከስክሶ ሞተ። ሞቱ በተሰማበት ዕለት፣ ሐምሌ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በካርቱም የሚኖሩ ደቡባውያን በቁጣ ወጡ፤ ሱቅና መኪና ተቃጠለ፣ ሰው ተገደለ። በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ ሰሜናውያን በየሰፈሩ ተሰልፈው ተበቀሉ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። የካርቱም ሰው ዕለቱን «ጥቁሩ ሰኞ» ይለዋል። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ በተደረገው የሕዝብ ድምፅ ከመቶው ደቡባዊ ዘጠና ዘጠኙ ያህል መለየትን መረጠ፤ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ሱዳን ሁለት አገር ሆነች።

ፊልሙ የሚጀምረው ከዚያ ሰኞ አካባቢ ነው። ሞና የሰሜን ሴት ናት፤ ድሮ ዘፋኝ ነበረች፣ በባሏ በአክረም ፈቃድ ግን መዝፈን ትታለች። ልጅ የላቸውም። በከተማው ሁከት እያለ መኪና እየነዳች ሳለ ዳንኤል የሚባለውን ትንሽ የደቡብ ልጅ ገጭታ በድንጋጤ ትሸሻለች። የልጁ አባት በሞተር ብስክሌት ተከትሏት እስከ ቤቷ ደጃፍ ይመጣል። አክረምም ሊያጠቃቸው የመጣ መስሎት በጥይት ይገድለዋል። ጉዳዩ በገንዘብና በዝምታ ይሸፈናል። የሟቹ ሚስት ጁሊያ ባሏ የት እንደገባ አታውቅም። ሞና ሕሊናዋ ስላላስቀመጣት ጁሊያን ፈልጋ በቤት ሠራተኛነት ትቀጥራታለች፣ ልጁንም ትምህርት ቤት ታስገባዋለች። ጁሊያ ይኸን ሁሉ ቸርነት ለምን እንዳገኘች ሳታውቅ፣ ዳንኤልም የአባቱ ገዳይ ባለበት ቤት ያድጋል።

እንግዲህ ትልሙ ይኸው ነው። የአዘጋጁን ችሎታ የምናየው ቀጥሎ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ሁከቱን ገና ከመግቢያው ካሳየን በኋላ ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ቤት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የአገር ጉዳይ የሚነገረን በሰሐንና በብርጭቆ ነው፤ በበር መዝጊያና በፈረሰ ግድግዳ ነው፤ ማን ከማን ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል በሚለው ነው። ብዙ የእልቂት ፊልሞች ሬሳ ሲቆጥሩ ይውሉና ተመልካቹ ከሃያኛው ሬሳ በኋላ ማዘኑን ያቆማል። እዚህ ግን አንድ ሰው ይሞታል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉም የእርሱ ሞት ከወጥ ቤት እስከ መኝታ ቤት ሲዞር እናየዋለን። «ማታ ልጆቹ ምን በሉ?» ለሚለው ጥያቄ ይኸ ፊልም መልስ አለው፤ ልጁ ማታ የበላው አባቱን ከገደለው ሰው ሌማት ነው።

ስለ ዕቃው ጉዳይ ትንሽ እንቆይ። ጁሊያና ልጇ የሚጠቀሙባቸው ዕቃዎች ከባለቤቶቹ ዕቃ እንዳይቀላቀሉ ምልክት ይደረግባቸዋል። ማንም አይጮህም፣ ማንም አይሳደብም። ሞና ደግ ሴት ናት፤ ጁሊያን ትወዳታለች፤ ሆኖም ሰሐኑን ትለያለች። አንዲት እጩ መምህርት ይኸን ስታይ «እኛ ቤትም እንዲህ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ድረስ አልተናገረችም።

በካርቱም ለኖርን ኢትዮጵያውያን ይኸ ትእይንት ሌላ ነገርም ያስታውሰናል። ካስተማርናቸው ልጆች ብዙዎቹ እናቶቻቸው በሰው ቤት የሚሠሩ ነበሩ። በሱዳናውያን ዘንድ ባለብዙ ደግነት ቤት ገጥሟቸው እንደ እኅት የኖሩ አሉ፤ ለጡት ልጅ ያህል የተንከባከቧቸውን ሕፃናት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ የያዙም አሉ። የሻይ ብርጭቋቸው ከመስኮቱ ሥር ለብቻው የሚቀመጥላቸውም ነበሩ። አንዲት እናት፣ ለወላጆች ስብሰባ በመጣችበት ቀን፣ ልጇ በክፍል ውስጥ ከጓደኛው ኮዳ ውሃ መጠጣቱን ስንነግራትና እንድትመክረው ስንጠይቃት (ጉንፋን የበዛበት ወቅት ነበር) ፊቷ ተለዋወጠና «ልጄ በሰው ዕቃ መጠጣቱ ነውር ሆነ?» አለችን። ለምን እንደዚያ እንዳለች የገባን ይኸን ፊልም ካየን በኋላ ነው።

እንግዲህ ምስጋናችን ይኸን ያህል ነው፤ ወደ ወቀሳችን እንሻገር። ወቀሳችን በዳንኤል ላይ ነው። በዳንኤል ሳይሆን፣ ዳንኤልን በያዘበት አያያዝ ላይ ነው።

ይኸ ሕፃን መኪና ገጭቶታል። በዚያው ቀን አባቱ ጠፍቷል። እናቱ የሰው ቤት አገልጋይ ሆናለች። የማያውቁት ሴትዮ ደብተርና ጫማ ገዝተውለታል። ይኸ ሁሉ የደረሰበት ልጅ ምን ይጠይቃል? የገጨችውን መኪና ከቤቱ ደጃፍ ቆማ ቢያያት አያውቃትም ወይ? ሌሊት ምን እያለ ይቃዣል? ፊልሙ ይኸን አይጠይቅም። ዳንኤል ሲሄድ፣ ሲበላ፣ ሲማር እናየዋለን፤ ሲናገር ግን እምብዛም አንሰማውም። ከዚያም ታሪኩ አምስት ዓመት ዘልሎ 2003 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ልጁ አድጎ እናገኘዋለን። የመምህራንን ዓይን የሚያሳስበው ግን ያ የተዘለለው አምስት ዓመት ነው፤ ምክንያቱም ልጁን ሰው ያደረገው እርሱ ነውና።

በዚህ ላይ በክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከእጩ መምህራኑ አንዱ «ሕፃናት በእንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ነው የሚሉት፤ አዘጋጁ እውነቱን ነው ያሳየው» አለ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ፈጽመን ልንጥለውም አልቻልንም። ነገር ግን የሚዘም ልጅ ማሳየትና ስለ ልጁ መዘም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሞና ስትዋሽ ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል፤ ውሸቷ እንዴት እንደሚያስጨንቃት፣ አንዱ ውሸት ሌላውን እንዴት እንደሚወልድ ደረጃ በደረጃ እናያለን። የጁሊያም ጥርጣሬ ጊዜ ተሰጥቶታል። ለዳንኤል ዝምታ ግን ያን ያህል ጊዜ አልተሰጠውም። ለብዙው የፊልሙ ክፍል እርሱ በሁለቱ ሴቶች መካከል የሚመላለስ ገመድ ነው።

ከዚህ ወቀሳ የምናወጣው አንድ ክፍል አለ። አክረም የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው። ዳንኤል ከእርሱ ዘንድ እየዋለ ሙያውን ይለምዳል። ደቡባውያንን በንቀት ስም የሚጠራ፣ ከጁሊያ ጋር በአንድ ገበታ የማይቀርብ ሰው፣ ልጅ ስለሌለው ነው መሰል፣ ለዚህ ልጅ እንጨት አያያዝ ሲያስተምር እጁ ይለሰልሳል። አንድ መጥፎ ሰው በደግነቱ ጊዜ የበለጠ ሊያስፈራን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትእይንት በቅርብ ዓመታት አላየንም። ገዳዩ የሟቹን ልጅ ሙያ ያስተምራል፤ ልጁም ይወደዋል። አዘጋጁ እዚህ ላይ ሁለት ደቂቃ ቢጨምር ኖሮ ፊልሙ ሁለት እጥፍ ይሆን ነበር ብለን እናምናለን። የፊልሙን ፍጻሜ፣ ላላዩት ስንል፣ አንናገርም። ዳንኤል ምን ያውቅ እንደነበረ የሚጠቁም ነገር ከፍጻሜው አጠገብ እንዳለ ብቻ እንጠቁማለን፤ ለእኛ ግን ዘግይቶብናል።

ሌላው ጉድለት ተመልካቹ የቆመበት ቦታ ነው። አዘጋጁ ራሱ የሰሜን ሰው ነው፤ ፊልሙ ከራሱ ወገን ጋር የሚያደርገው ሙግት መሆኑም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታወቃል። ይኸ ትልቅ ድፍረት ነው። ሆኖም ሙግቱ በሞና ሕሊና ውስጥ ስለሆነ ጁሊያ ብዙውን ጊዜ የሞና ንስሐ መለኪያ ሆና ትቀራለች። ትዕግሥቷ በዛብን። እርሷ ከቤቷ፣ ከሰፈሯ፣ ከደቡብ ሰዎች ጋር በምትሆንበት ሰዓት ፊልሙ የሚተነፍሰው ለየት ባለ አየር ነው፤ ያ አየር ቶሎ ይዘጋብናል።

ይኸን ወቀሳ ስናቀርብ ራሳችንን ከወቀሳው ውጪ አናደርግም። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በየቤቱ የገባው ኀዘን በየቤቱ እንዴት እንደተነገረ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? በእኛ ቤት የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ከቁም ሣጥኑ ታች፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። ማን እንደሆነ ስንጠይቅ «አጎትህ ነው፤ ታሞ ሞተ» እንባላለን። በሽታው ምን እንደነበረ ስንጠይቅ ደግሞ ምሳ ይቀርባል። እናታችን በየዓመቱ በሐምሌ ወር አንድ ቀን ጧት ቡና ሳታፈላ ትውላለች፤ እኛም «ራሴን አሞኛል» ስለምትለን በዚያ ቀን ጫጫታ አናሰማም ነበር። አጎታችን በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወስዶ የተገደለ ተማሪ መሆኑን የሰማነው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆነን፣ ያውም ከጎረቤት ነው።

መስቀል አደባባይ አጠገብ የቆመው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት እናታችንን ይዘናት ሄድን። በግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፎቶግራፎች ፊት ብዙ ቆመች። ከመውጣታችን በፊት የተናገረችው ስለ ደርግ አልነበረም፤ «ያን ቀን ማታ ሽሮ ሠርቼ ነበር፤ የእርሱን ድርሻ ከድኜ አስቀመጥኩት» አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቤታችን የተዘመው ነገር በውስጡ አንድ የተከደነ የሽሮ ሳህን ነበረው ማለት ነው። የካርቱሙን ልጅ ጥያቄ ያን ጊዜ አልሰማንም ነበርና ነገሩን እንደ ተራ ንግግር አለፍነው።

ይኸን ያነሣነው ስለ ራሳችን ለማውራት አይደለም። የአገር ጥፋት የሚታወስበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በአደባባይ፣ ሌላው በቤት። የአደባባዩ የአበባ ጉንጉንና የመድፍ ድምፅ፣ ሐውልትና ንግግር ነው። የመማሪያ መጽሐፎቻችን በዚህ የተሞሉ ናቸው። የካቲት 12ን ለምሳሌ እንውሰድ። ያ ግራዚያኒ ምጽዋት ያደለበት ሥነ ሥርዓት የተደረገው የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለወለደ ነው። በዓሉ የሕፃን ልደት ነበር። ለድሆች የታደለው ገንዘብም ለዚያ ሕፃን ደስታ ነው። ከግቢው ከተሰበሰቡት ድሆች መካከል ልጅ ያዘለች ሴት አልነበረችም ብሎ የሚያስብ አለን? ይኸ ጉዳይ ከአምስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስናስተምረው አንድም ቀን አልተነሣም። እኛም ያነሣነው ዛሬ ነው።

በዚህ አንጻር ከ«ወዳዓን ጁሊያ» ጋር ተያይዞ መታየት ያለበት ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ካርቱም» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ነው። አራት ሱዳናውያንና አንድ እንግሊዛዊ በአንድነት ያዘጋጁት ነው። ሥራው የተጀመረው ከጦርነቱ በፊት፣ ካርቱም ውስጥ በስልክ ካሜራ ነበር፤ የአንድ መንግሥት ሠራተኛ፣ የአንዲት ሻይ ሻጭ፣ የአንድ የሰፈር ኮሚቴ በጎ ፈቃደኛና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚኖሩ የሁለት ልጆች ሕይወት ይቀረጽ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ሁሉም ተሰደዱ። አዘጋጆቹም ባለታሪኮቹን ናይሮቢ ላይ ሰብስበው በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ያለፉበትን ነገር ራሳቸው እንዲጫወቱት አደረጉ፤ ከጀርባቸውም የካርቱም ሥዕል ይገባል። አንዱ የሌላውን ታሪክ ያግዛል።

ጠርሙስ ለቃሚዎቹ ልጆች በዚህ ፊልም ውስጥ ራሳቸው ተናጋሪ ናቸው። ጦርነት እንደ ሕፃን አፍ እንጂ እንደ ጋዜጣ አይናገሩትም፤ ከአሰቃቂው ነገር መካከል በድንገት ሳቅ ይገባል፣ ከሳቁ መካከል ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። ዳንኤል ያጣውን ጊዜ እነዚህ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ እዚህም ያልተመቸን ነገር አለ። ትንሽ ልጅ ያየውን እልቂት በካሜራ ፊት መልሶ ሲጫወት ማየት ለእኛ ቀላል አልሆነም። ጨዋታ ልጅን ያድነዋል፤ ይኸን መምህር ሁሉ ያውቃል። ተመልካች የተቀመጠበት ጨዋታ ግን ሌላ ነው። አዘጋጆቹ ከባለታሪኮቹ ጋር አብረው ተሰድደው አብረው የኖሩ በመሆናቸው እናምናቸዋለን እንጂ፣ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ፊልሙን ግማሽ ላይ አቋርጠን እንወጣ ነበር።

ለመምህራን ጓደኞቻችን ጥቂት ነገር እናሳስብ። «ወዳዓን ጁሊያ» ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊታይ የሚችል ፊልም ነው፤ ለታሪክም ለአማርኛም ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ መቼትና ግጭት ለማስተማር ከዚህ የተመቸ ምሳሌ ብዙ አይገኝም። ግን በክፍላችሁ ከሱዳን የተመለሰ ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመተማ በኩል የገቡ ቤተሰቦች ልጆች በየክልሉ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። አማርኛቸው አረብኛ ስለሚቀላቀልበት የሚሣቅባቸው አሉ። መኪና ሲያገነፍል ወይም በር ሲዘጋ ከወንበር ሥር የሚገቡም አሉ፤ ይኸን ዓይነቱን ልጅ «ረባሽ» ብለው ከክፍል ያስወጡ መምህራን መኖራቸውን ሰምተናል።

እኛም የምንናገረው አለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ለእኛ ቅዳም ስዑር፣ ለጎረቤቶቻችን የረመዳን ጾም። በማግሥቱ ፋሲካ ነው። ጀሪፍ በተከራየነው ቤት ውስጥ ዶሮዋ እግሯ ታስሮ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሽንኩርቱ ከትናንት ተከትፎ አልቋል። ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ ከአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ድምፅ ጀመረ። የአራት ዓመት ልጃችን «ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔና ባለቤቴ ተያየን። «ርችት ነው፤ ለፋሲካ የሚተኩሱት» አልናት። እርሷም እያጨበጨበች ወደ ግቢ ልትወጣ ሮጠች፤ ከበሩ ላይ ያዝናት።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሁለት ቀን፣ ከካርቱም ወጥተን በገዳሪፍ በኩል ገላባት እስክንደርስ፣ ይኸን ውሸት ስንመግባት ቆየን። መብራት ሲጠፋ «ርችቱ እንዲታይ ነው» አልን። ከአልጋ ሥር ስንተኛ «ድብብቆሽ ነው» አልን። በደንብ የዋሸን መስሎን ነበር፤ ልጅቱ አላለቀሰችም፤ በመንገድም ሳቀች። መተማን ስንሻገር ብልሃተኛ ወላጆች መሆናችንን ለራሳችን ነገርን።

ሞናን በፊልሙ ስናይ የተሰማን ነገር ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ እጩ መምህር ስለ ሞና «ጨካኝ ናት» ብሎ ሲፈርድባት ዝም ያልነውም ስለዚሁ ነው።

ልጃችን አሁን ሰባት ዓመት አልፏታል። በመጀመሪያው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሰፈሩ ልጆች ርችት ሲተኩሱ ከጠረጴዛ ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ አገኘናት። «ርችት እኮ ነው» አልናት። «አውቃለሁ፤ የካርቱሙ ነው» አለች። ርችትን ለጥይት ስም አድርገን የሰጠናት እኛ ስለሆንን ሌላ የምንላት ቃል አልነበረንም።

ዘንድሮ አንድ ቀን ማታ፣ የፊልሙን ማስታወሻ ስንጽፍ ከአጠገባችን ቁጭ ብላ ስለምን እንደምንጽፍ ጠየቀችን። ስለ ዳንኤል ነገርናት፤ ስለ መኪናው፣ ስለ አባቱ፣ ስለ እናቱም፤ ምንም አልቀነስንም። ከዚያም ስለ ቅዳም ስዑር ነገርናት። ርችት እንዳልነበረ ስንነግራት ቀና ብላ አላየችንም። ጥቂት ቆይታ «ዶሮዋስ?» አለች።

ዶሮዋ እንዳልታረደች ነገርናት። ሁለተኛው ቀን ላይ ገመዷን ፈትተን ለጎረቤታችን ለሱዳናዊቷ እናት እንደሰጠናቸው፣ እርሳቸውም ማታ ጾም ሲፈቱ በአጥሩ ላይ አንድ ሳህን ፉልና ሦስት ዳቦ እንዳቀበሉን፣ ያን በሻማ እንደበላን ነገርናት። «እሱን አስታውሳለሁ» አለች። «ፉሉ ኩሙን በዝቶበት ነበር።»